የአንድ ዓመት ፈቃድ፣ የአንድ ዓመት ብረት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን የአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ የኮምቦልቻ አባት የጻፉትን አነበብኩ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ድረስ መንገድ ዳር የቆመ ቢልቦርድ ሁሉ ይነቀል ነው የሚሉት። ዝጓል፣ ዓይን ያደክማል፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ የቀረው ደግሞ ምን እንደሚል አይነበብም ይላሉ። ጋሼ፣ ስለ ዝገቱ ያሉት እውነት ነው። ይነቀል ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ጥቅሜንም አልደብቅም፤ ቤተሰባችን ከአያቴ ጀምሮ እንጀራ የሚበላው በዚሁ ሥራ ነው። የምትከራከረው ሴት ከየት እንደመጣች አውቃችሁ አንብቡት።

አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ላይ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። ቆርቆሮውን እንጨት ላይ ይመቱታል፣ ነጭ ቀለም ያለብሱታል፣ ሲደርቅ ጠመኔ ያስነኩትን ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥረው፣ ሳብ አድርገው ይለቁታል፤ መስመሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፊደል በፊደል በብሩሽ ነው። ለልብስ ሰፊ የሲንጀር መኪና፣ ለፀጉር አስተካካይ ፀጉሩን ወደ ጎን ያስተኛ ጎረምሳ ይሥላሉ። ሥጋ ቤት ከሆነ ጥያቄ የለውም፤ ለእስላሙ ጨረቃ፣ ለክርስቲያኑ መስቀል። ሶላታቸውን ሰግደው መጥተው የመስቀሉን ጫፍ ሲያሳምሩ የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ወሎ ላይ ይሄ የሚገርመው ሰው አልነበረም።

አባቴ ብሩሹን ሲረከብ ዘመኑ ደርግ ሆኗል። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሲጠፋ ታፔላ የሚያሠራም ጠፋ፤ ሥራው መፈክር ሆነ። ቀይ ጨርቅ፣ ቢጫ ቀለም፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም»። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ በቅስትና በግዙፍ ሰሌዳ አሸብርቃ ነበር፣ በዚያው ሰሞን እዚህ ወሎ፣ ኮረም ላይ፣ ሰው በረሃብ ያልቃል። አባቴ ስለዚያ ዓመት ብዙ ማውራት አይወድም። አንዳንዴ ብቻ «ያን ሁሉ ጨርቅ ለከፈን ቢያደርጉት ይሻል ነበር» ይላል፣ ወሬውን ይቀይራል።

ከ1983 በኋላ ንግዱ ሲከፈት የብየዳ ማሽን ገዛ። ከታፔላ ወደ ቢልቦርድ የተሻገርነው ያኔ ነው። ላሜራውን ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት፣ በቱቦላሬ ፍሬም ላይ ያያይዛል፣ ፎቶውን በእርሳስ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍላል፣ ሰሌዳውንም እንደዚያው በትልልቁ ይከፋፍላል፣ ከዚያ አንዷን ሳጥን ከአንዷ እያዛመደ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊት ይሥላል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ቀለም ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ስታዩት ሰውዬው ይስቅላችኋል። ኧረ እሱን ሥራ ማን ይመልሰው! የፍሌክስ (የፕላስቲክ ሸራ) ማተሚያ ማሽን አዲስ አበባ ሲገባ የእጅ ሥራው ባንዴ ቀዘቀዘ። አባቴ ሳምንት የሚለፋበትን ማሽኑ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ከመምሸቱ በፊት ይተፋዋል። እኔ ኮምፒዩተር ተምሬ ዲዛይኑን ደሴ ላይ እሠራለሁ፣ በፍላሽ ይላካል፣ ኅትመቱ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይመጣል። ቆይተን የራሳችንን ማሽን ገዛን። በ2014 ጦርነት ማሽኑም ኮምፒዩተሩም ሄዱ። ሜዳ ላይ የቆመው ብረት ግን ቀረ፣ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ነገር ማን ነቅሎ ይወስዳል? ሰላም ሲሆን ሥራ የጀመርነው በዚያ ብረት ነው። ኅትመቱን እንደገና ከአዲስ አበባ እያስመጣን፣ በአባቴ ምሰሶ ላይ እየሰቀልን፣ ቀስ በቀስ ማሽን ገዛን።

ዛሬ ዲዛይኑና ውሉ የእኔ ነው፣ ብየዳውና መውጣት መውረዱ የወንድሜ። ደንበኛ ገብቶ «ባለቤቱ የሉም እንዴ?» ሲለኝ «አለሁ» እለዋለሁ። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ ቢራ ደግሞ በየትም አገር ለማስታወቂያ ሰው ወፍራም ደንበኛ ነው። አባቴ ግን የመጠጥ አልሰቅልም ካለ አለ ነው። ቦርዱ ባዶውን ይቆማል እንጂ አይሰቅልም። እኔና ወንድሜ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀነዋል መሰላችሁ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ «አያችሁ፣ መንግሥትም ወደ እኔ መጣ» ብሎ ሳቀብን። ስለዚህ እኛ ሰሌዳ ላይ የምታዩት ባንክ ነው፣ ስልክ ነው፣ ቀለምና ሲሚንቶ ነው፣ የግል ትምህርት ቤት ምዝገባ ነው። መስከረም ላይ የግሸን ማርያም ተጓዥ ሲመጣ «እንኳን በደህና መጣችሁ» እንሰቅላለን፣ ለመውሊድም እንደዚያው። ለእነዚህ ሁለቱ አባቴ ዋጋ ይቀንሳል። አትቀንስ ብንለው አይሰማም።

አሁን ወደ ጋሼ ጉዳይ ልምጣ። ቢልቦርዱ ለምን ይዝጋል? ለምንስ ባዶውን ይቆማል?

ባዶነቱ ይቀላል። ደንበኛው የሚከፍለው ለሦስት ወር ወይም ለስድስት ወር ነው። ውሉ ሲያልቅ ኅትመቱን ማውረድ ገንዘብ ነው፤ ሰው ይወጣል፣ መሰላል ይቆማል፣ መኪና ይከራያል። አዲስ ደንበኛ ካልመጣ በገዛ ኪሱ ወጥቶ የሚያወርድ የለም፣ ስለዚህ ኅትመቱ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቀዩንና ቢጫውን ነው፣ ሰማያዊው ይዘገያል። ፊቱ ሰማያዊ የሆነ ሰው መንገድ ዳር ሲስቅላችሁ ካያችሁ ውሉ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ ንፋስ ይቀደዋል፣ አንዱ ጥግ ይወርዳል፣ ሲወዛወዝ ይከርማል። ጋሼ ያዩት ይህንን ነው።

ዝገቱ ግን ከደንበኛ ጋር አይገናኝም። እሱ የመጣው ከፈቃዱ ነው፣ ዋናው ነገሬም ይሄው ነው።

እኛ በወሎ በብዙ ከተማ እንሠራለን፣ ስለዚህ የየትኛው ከተማ ቢሮ እንደሆነ አልጠቅስም፣ መካሰስም አልፈልግም። በሠራንበት ቦታ ሁሉ ግን የቦታ ፈቃዱ የአንድ ዓመት ነው። በዓመቱ ሄደህ ታድሳለህ፣ ካደሱልህ። ኃላፊ ሲቀየር አሠራሩ ይቀየራል፣ መንገድ ሲሰፋ ይነሳል፣ አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማት መጣ፣ እሱም ያነሳል። መነሳቱ ባልከፋ፣ ከተማ ይለማል። የአንድ ትልቅ ቢልቦርድ ብረት፣ ኮንክሪትና ጉልበት ግን በአንድ ዓመት ኪራይ አይመለስም። በሁለትም አይመለስም፣ በተለይ አሁን ባለው የብረት ዋጋ። እስቲ ራሳችሁን እኛ ቦታ አድርጉት። ለዓመት ብቻ የተፈቀደላችሁ ቦታ ላይ ወፍራም ብረት ትተክላላችሁ?

ማንም አይተክልም። ቀጭን ቱቦላሬ ይገዛል፣ ዝገት መከላከያ አንቲረስት ሳይቀባ በላዩ ላይ ብርማ ቀለም ይረጭበታል፣ ጉድጓዱ ለሁለት ሜትር የታሰበው ወገብ ሳይደርስ ይሞላል። ከሩቅ ያምራል። ሁለት ክረምት ካለፈው በኋላ ዝገቱ ከብየዳው ይጀምራል፣ ምክንያቱም ብየዳው ላይ ቀለም በደንብ አይዝም፣ ቶሎ ይነሳል። ከብየዳውም የከፋው ደግሞ እግሩ ነው፤ ብረቱና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውኃ ይተኛል፣ ከላይ አዲስ የመሰለ ምሰሶ ከታች ተበልቶ ያልቃል። አባቴ ኮንክሪቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ዙሪያውን ተዳፋት አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ ውኃው ብረቱ ሥር እንዳያድር። ትንሽ ነገር ናት፣ ጥቂት ሲሚንቶ ብቻ ናት የምትጨምረው። የዓመት ፈቃድ የያዘ ሰው ግን እሷንም አያወጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ።

ይሄ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰሌዳው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። 4 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ሰሌዳ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ሲመታው ከአንድ ቶን በላይ ግፊት ይሸከማል። ከኅትመቱ ላይ ንፋስ ማሳለፊያ ስንጥቅ የምናወጣው ለዚህ ነው፣ ግን ስንጥቁ ቀጭን ብረትን አያድንም። የደሴን መሬት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ተዳፋት ነው፣ ክረምት ሲጠጣ ይንሸራተታል። ወገብ ያልደረሰ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ምሰሶ ሥር ባጃጅ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሳይ ሆዴ ይባባል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

ሰው «ቤተሰብ የያዘው ሥራ አያድግም» ሲል እሰማለሁ። ይህ ሥራ በዓለም ላይ በቤተሰብ እጅም እንዳደገ ስንቱ ያውቃል? አሜሪካ ውስጥ ላማር የሚባል ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ የምትባል ከተማ ውስጥ ተጀመረ። ሁለት ሸሪኮች አንድ ኦፔራ ቤትና አንዲት ትንሽ የፖስተር መለጠፊያ ድርጅት ነበሯቸው። በ1908 ሲለያዩ ሳንቲም ወረወሩ። ያሸነፈው ኦፔራ ቤቱን ወሰደ፣ ለቻርለስ ላማር መለጠፊያዋ ቀረችለት። ዛሬ በአገሩ ካሉት የውጭ ማስታወቂያ ኩባንያዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ቤተሰቡም መሪውን አለቀቀም። ወንድሜ ይህን ስነግረው «እኛስ መቼ ነው ሳንቲም የምንወረውረው?» አለኝ። ማሽኑን ፈልጎ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን የፈረንሳዩ ዣን ክሎድ ደኮ ታሪክ ነው። በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ እንደኛው የመንገድ ዳር ሰሌዳ ይዞ ጀመረ። በኋላ መንግሥት በመንገድ ዳር ማስታወቂያ ላይ ከባድ ግብር ጣለበት፣ ሥራው ሊዘጋ ደረሰ። ሰውዬው ምን አደረገ? በ1964 ሊዮን ከተማ ሄዶ የአውቶቡስ መጠለያ በነፃ ልሥራላችሁ፣ እኔው ላጽዳው፣ ሲሰበር እኔው ልጠግነው፣ እናንተ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ እንድለጥፍ ረዘም ያለ ውል ስጡኝ አለ። ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት ኩባንያው በልጆቹ እጅ ነበር፣ አሁን ከ80 በላይ አገሮች ውስጥ ይሠራል። ልብ አድርጉልኝ፣ መጠለያውን ንጹሕ አድርጎ የያዘው ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም። ውሉ ረጅም ነው፣ መጠለያው ከተበላሸ የሚከስረው ራሱ ነው።

ጋሼ ይነቀል ያሉት በዓለምም ያልተሞከረ አይደለም። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተማዋ ውስጥ ያለውን ቢልቦርድ በሙሉ አስነሳች፣ ሰዉም ወደደው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማስታወቂያ ተመለሰ፣ በአውቶቡስ መጠለያና በመንገድ ሰዓት ላይ፣ በረጅም ውል። የሰዓቱን ውል ካሸነፉት መካከል ያው የደኮ ኩባንያ አለበት። ነቅለውም ዞረው የደረሱት እዚያው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። የቦታ ፈቃዱ ቢያንስ ሰባት ስምንት ዓመት ይሁን። በምትኩ እኛን በደንብ ያዙን። ምሰሶው ላይ የባለቤቱ ስምና ስልክ በዘይት ቀለም ይጻፍ፣ ዛሬ ስንቱ ምሰሶ የማን እንደሆነ አይታወቅም እኮ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ መሐንዲስ መጥቶ እግሩን ይይ፣ ክፍያውን እኛ እንክፈል። ውሉ ያለቀ ኅትመት በወሩ ካልወረደ ቅጣት ይኑረው። ሥራውን ትቶ የሚጠፋ ሰው ብረቱን ጥሎብን እንዳይሄድ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ማንሻ የሚሆን ገንዘብ ያስይዝ። አዲስ ሕግ ከባዶ መጻፍም አያስፈልግም፣ የማስታወቂያ አዋጅ 759/2004 የውጭ ማስታወቂያንም ይዟል፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ረጅም ውል የራሱ መዘዝ እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ባለ ገንዘብ ከአዲስ አበባ መጥቶ የወሎን መንገድ በጥቅል በአንድ ጨረታ ቢወስደው፣ እኛም፣ ወልዲያ ላይ ያሉት ልጆችም፣ ከሚሴ ላይ በአንድ ብየዳ ማሽን የሚሠራውም ለሰባት ዓመት ከጨዋታ ውጪ ነን ማለት ነው። ስለዚህ ጨረታው ይከፋፈል፣ ጥቂት ጥቂት ቦታ እየሆነ ይውጣ። ይህን የምለው ለራሴ ነው፣ ለእነሱም ነው።

ቢልቦርድ ጨርሶ መቆም የሌለበት ቦታም አለ፣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጎን ነኝ። ሐረጎ ላይ መንገዱ በሚጠማዘዝበት ሹፌር ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት የለበትም፣ እዚያ ቦታ ሲሰጡን አባቴ አልተቀበለም። ሐይቅ ዳር፣ እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ ላይ፣ ምን ይሠራል? የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ዓይጠየፍን የሚጋርድ፣ የጦሳን ተራራ የሚጋርድ ነገርም ይነሳ። ይህን ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ አውጥተው «እዚህ ክልክል ነው» ቢሉን አመሰግናለሁ። አሁን ግን የሚከለከለውና የሚፈቀደው በዕለቱ በሚያገኙት ሰው ነው።

የመጠለያውንም ነገር እንደ ቀልድ አትዩት። ነሐሴ ላይ ደሴ ፒያሳ ላይ ታክሲ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከላይ፣ ጎርፉ ከሥር፣ ሰዉ የሱቅ ጣሪያ ሥር ተጣብቆ ይቆማል፣ ባለ ሱቁም ይቆጣል። ረጅም ውል ቢኖር መጠለያ ሠርተን፣ አንድ ጎኑ ላይ ማስታወቂያ ብንሰቅል ከተማዋ ሳንቲም አታወጣም። ንድፉን ሠርቼ አስቀምጫለሁ፤ ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ ውኃው ሰው ላይ እንዳይወርድ። አንድ ጊዜ ይዤው ሄጄ «ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ እንጠራሻለን» ተባልኩ። እስካሁን ተቀምጫለሁ።

በመጨረሻ ለጋሼ። በደብዳቤዎ ላይ ሐረጎን ሲወጡ በስተግራ ወደ መንገዱ የተጋደመ፣ ኅትመት የሌለው ቢልቦርድ አይተዋል። እኛም እናውቀዋለን። የእኛ አይደለም፣ ባለቤቱን አፈላልገን አጣነው፣ ምሰሶው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። እግሩ ከተበላ ቆይቷል፣ ይሄን ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም። ወንድሜ በነፃ ቆርጦ ሊያወርደው ዝግጁ ነው፣ ግን የሰው ብረት ያለ ደብዳቤ ቆርጠን ብንነካ ሌቦች እንባላለን። ሥልጣኑ ያለው ክፍል ይህን ካነበበ አንድ ወረቀት ይጻፍልን፣ መኪናውንም መሰላሉንም እኛ እናመጣለን። ብረቱንም ወደ ፈለጉት ግቢ አድርሰን እናስረክባለን።

አክባሪያችሁ
ከደሴ